አያት፣ ኮዬ ፈጬ ወይስ ጀሞ? ጠዋት ጠዋት መሀል ከተማ ለሚገባ ተከራይ

«አዲስ አበባ ቤት ልከራይ ነው፣ የት ይሻለኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ወዳጅ ወዲያው አስከትሎ የሚያነሳው ኪራዩን ነው። «ኮዬ ላይ በርካሽ አገኘሁ፣ አያት ግን ተወደደብኝ።» ሥራው የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት መግባት እንዳለበት፣ ስንት ታክሲ እንደሚቀያይር ግን አይናገርም። መልሱን አስቀድሜ ላስቀምጠው፦ ሥራችሁ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መስመር ላይ ከሆነ ኪራዩ ቢጨምርም አያት ግቡ። ኮዬና ጀሞ የሚያዋጡት ሰው አለ፤ እሱንም ከታች አነሳዋለሁ።

ሒሳቡን በብር እንጀምር። ቅዳሜን ጨምሮ የሚሠራ ሰው በወር 26 ቀን ይወጣል፤ ደርሶ መልሱ 52 ጉዞ ነው። ይህችን 52 ያዟት። (ቅዳሜ የማይሠራ በ44 ያባዛ።) አንዱ ሰፈር ከሌላው በአንድ ጉዞ 1 ብር ከበለጠ በወር 52 ብር ነው፤ 10 ብር ከበለጠ 520፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኛ ከሆኑ 1,040። አሁን የኮዬው ቤት ከአያቱ በወር 3,000 ብር ይቀንሳል እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፣ የሰሞኑን ታሪፍ ራሳችሁ ተኩበት። ከኮዬ ስትመጡ አንድ ታክሲ የሚጨመርባችሁ ከሆነና ዋጋው 20 ብር ቢሆን፣ ለአንድ ሰው በወር 1,040፣ ለሁለት 2,080 ብር ነው። ከብሎኩ እስከ ታክሲ መያዣው ባጃጅ 15 ብር ከሆነ ለሁለት ሰው ሌላ 1,560። ድምሩ 3,640 ብር። ርካሽ የተባለው ቤት በ640 ብር ተወደደ ማለት ነው። ማታ ታክሲ ጠፍቶ በኮንትራት የተገባበት ቀን ገና አልተቆጠረም፤ ትምህርት ቤቱ ያልተቀየረለት ልጅ ካለም እሱም ተሳፋሪ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሁለት ዓመት በ52 ሲሰላ 1,248 ጉዞ ነው። ውሉ ላይ ስትፈርሙ የምትፈርሙት ለዚህ ሁሉ ጉዞ ነውና፣ ደላላው «ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ ያመልጣችኋል» ሲል አትደንግጡ።

አያትን የማስቀድመው ለመሀል ከተማ ቅርብ ስለሆነ አይደለም፤ ቅርብም አይደለም። አንድ ቁም ነገር ስላለው ነው፦ ከአያት የሚያስወጣችሁ መጓጓዣ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ምክንያት አይጠፉም። ታክሲውና አውቶቡሱ በብዛት በነዳጅ ይሄዳሉ፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ። ነዳጅ ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ማደያ ተሰልፈው በሚያድሩበት ሳምንት ባቡሩ ይሄዳል። መብራት ተቋርጦ ባቡሩ መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ታክሲው አለ። መንገድ ተቆፍሮ ወይም መኪና ተጋጭቶ ሲዘጋ ባቡሩ በራሱ ሐዲድ ያልፋል። ኮዬም ጀሞም ይህ መጠባበቂያ የላቸውም፤ ነዳጅ ሲጠፋ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል።

ባቡሩ እንከን የለሽ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል፤ ስለዚህ ጥበቃው ረዝሟል፣ የሚመጣውም ጢም ብሎ ነው። መነሻ ላይ መኖር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከአያት ይነሳና በመሪ፣ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በኡራኤል፣ በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በልደታ አድርጎ ጦር ኃይሎች ያበቃል። ጠዋት አያት ላይ ባዶ ባቡር ነው የሚከፈትላችሁ፤ ወንበር ባታገኙ እንኳ መቆሚያ ታገኛላችሁ። ጉርድ ሾላ ላይ ያው ባቡር ሲደርስ በሩ የሚከፈተው በሰው ጀርባ ላይ ነው። ከተሳፋሪው አንድ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይገባል፣ የቀረው ቀጣዩን ይጠብቃል። ስለዚህ «ለከተማ ይቀርባል» ብሎ ጉርድ ሾላ በውድ የተከራየ ሰው በባቡር ከሚመጣው የአያት ነዋሪ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ከተሳፈራችሁ በኋላ ስልክና ቦርሳ ከፊት ይያዝ፤ ግፊያው ለኪስ አውላቂ ይመቻል።

ታክሲ ላይ ደግሞ ዋናው በሽታ ማቆራረጥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አያት አደባባይ ቆማችሁ ብታዳምጡ፣ ታፔላው መገናኛ የሚል ሚኒባስ ረዳቱ «ሲኤምሲ፣ ሲኤምሲ፣ እስከ ሲኤምሲ ብቻ!» ሲል ትሰማላችሁ። ሲኤምሲ ላይ ያወርዳል፣ እዚያው ቆሞ «መገናኛ!» ይላል፣ የወረደው ሰው ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይከፍላል። ምክንያቱ የታሪፉ አሠራር ነው፦ ጉዞው የቱንም ያህል ቢያጥር ከመነሻ ሒሳቡ በታች ስለማይከፈል፣ አጭሩ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረዥሙ ይወደዳል፤ አንዱን ረዥም ጉዞ ለሁለት የከፈለ ሾፌር ትርፉ ያድጋል። ሰልፍ በበዛ ቁጥር ይብሳል፤ ተሳፋሪው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። መድኃኒቱ ከመግባታችሁ በፊት «ቀጥታ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ታፔላው ሌላ፣ ጥሪው ሌላ ሲሆንም ተራ አስከባሪው ወይም የስምሪት ተቆጣጣሪው ፊት ማንሳት። የሰፈር ዋጋ ስታሰሉ ግን ታፔላ ላይ ያለውን ታሪፍ ሳይሆን የተቆራረጠውን ያዙ፤ ከ26 ቀን ስንቱን ቀን እንደምትቆራረጡ የሚነግራችሁ የሰፈሩ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሐሰተኛው አያት። «አያት አካባቢ» የሚለው የደላላ ቃል የማይሸፍነው ቦታ የለም። የካ አባዶም፣ ቦሌ አራብሳም፣ ጣፎም በስልክ ላይ አያት ይሆናሉ። ከእነዚህ ቦታዎች የባቡሩ መነሻ ዘንድ ለመድረስ ራሱን የቻለ አንድ ጉዞ ያስፈልጋል፤ ይህ ጉዞ ደግሞ ከላይ ያሰላነውን ጥቅም በሙሉ ይበላዋል። የአያት ኪራይ ከፍላችሁ የአባዶ ጉዞ አትሂዱ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከቤቱ በር እስከ ባቡሩ መነሻ በእግር ከ15 ደቂቃ ከበለጠ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ በአያት ዋጋ አይከራይም። ባለቤቱ «አምስት ደቂቃ ነው» ካለ የሚናገረው በመኪና ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ በእግራችሁ ሂዱ። ቦሌ አራብሳ ለብቻው የሚያዋጣው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ጎሮ ለሚሠራ ነው፤ ለዚያ ሰው ከአያትም ይሻላል።

ኮዬ ፈጬ ቤቱ አዲስ ነው፣ ኪራዩም ይማርካል። የሚጎዳው የውስጡ ርቀት ነው። ግቢው እጅግ ሰፊ ስለሆነ «ኮዬ ነው» የሚለው አድራሻ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የፕሮጀክት ቁጥሩን፣ የብሎክ ቁጥሩን፣ ከታክሲ መያዣው ያለውን ርቀት ጠይቁ። ክረምት ላይ አስፋልት ያልደረሰባቸው የውስጥ መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ፤ በደረቅ ወቅት በእግር የሚኬደው መንገድ ከሰኔ ጀምሮ ባጃጅ ይፈልጋል፣ የባጃጁም ዋጋ በዝናብ ይጨምራል። ከዚያ ወደ ከተማ ለመግባት ሁለት አቅጣጫ አለ። አንዱ በጎሮ በኩል ወደ መገናኛ ነው፤ እዚያ ደርሶ ሌላ ታክሲ ይያዛል። ሌላው በቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ወጥቶ የሰሜን ደቡቡን ባቡር ከመነሻው መያዝ ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ባቡሩ በሳሪስና በላንቻ አድርጎ ስታዲየም ሲደርስ ከስታዲየም እስከ ልደታ ከአያቱ ባቡር ጋር በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ለገሃርና ሜክሲኮ ሳይቀይሩ ይገባል። ችግሩ እስከ ቃሊቲ ያለው መንገድ ከከባድ መኪና ጋር የሚጋሩት መሆኑ ነው። ሥራው ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ቂሊንጦ ወይም ቱሉ ዲምቱ አጠገብ ያለው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ሰው ኮዬን ያለ ማመንታት ይያዝ።

ጀሞ ለሜክሲኮ፣ ለሳር ቤትና ለቄራ ሠራተኛ ነው። በመካኒሳና በሳር ቤት አድርጎ ሜክሲኮ መግባት በርቀት ከአያት ያጥራል፤ ግን ጠዋት ያ መስመር ሲጨናነቅ አንዱ ማምለጫ በጀርመን አደባባይ ወደ ጎፋ መዞር ነው፣ እሱም ይሞላል። መገናኛ ወይም ሲኤምሲ እየሠሩ ጀሞ መከራየት ከተማውን በሙሉ ጠዋትና ማታ ማቋረጥ ነው፤ ኪራዩ በግማሽ ቢቀንስም አልመክርም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ለቡ ባቡር ጣቢያ አጠገባችሁ ነው» ቢሏችሁ፣ ያ ጣቢያ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ነው። ወደ ድሬዳዋ ይወስዳችኋል እንጂ ሥራ አያደርሳችሁም። እንዲሁም «ቀላል ባቡር ወደዚህ ሊዘረጋ ነው» ብሎ ዋጋ ለሚጨምር፣ ከ2008 ወዲህ ከሁለቱ መስመሮች ሌላ የተከፈተ የለም።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ይህ ሁሉ ስሌት ሊገለበጥ ይችላል። የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በመታወቂያ በነጻ ይጭናል፤ መነሻው ከምትከራዩት ቤት በእግር የሚደረስ ከሆነ ኮዬም ያዋጣል። በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ያመለጠው ሰው የሚከፍለው ሙሉውን የታክሲ ዋጋ ነው።

ሳትፈርሙ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክሩት። አንደኛው ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከቤቱ በር እስከ ሥራ ቦታችሁ በር። ሰልፉን ቁጠሩ፤ አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ገደማ ስለሚይዝ 60 ሰው ከፊታችሁ ካለ አምስት ታክሲ ያስፈልጋል፣ ታክሲው በየ4 ደቂቃው ቢመጣ 20 ደቂቃ ቆማችሁ ማለት ነው። ሁለተኛው ዓርብ ማታ 11 ሰዓት ተኩል፣ ከሥራ ወደ ቤት፤ የመመለሻው ሰልፍ ከጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይከፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምትፈልጉ ተጠንቀቁ፦ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መንገዱ ስለሚቀል በ40 ደቂቃ የገባችሁበት መንገድ መስከረም ላይ ሌላ ነው። ለካችሁ ካገኛችሁት ደቂቃ ላይ ጨምሩበት።

ሦስተኛው የማታ ነው። 3 ሰዓት ላይ ከታክሲ መውረጃው ወይም ከባቡር ጣቢያው እስከ ብሎኩ በእግር ግቡ። የመንገድ መብራቱ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ውሾቹ የት እንደሚሰበሰቡ፣ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚነሳ እዚያው ያሉትን ጠይቁ። ጥበቃውን «ማታ አርፍዶ የሚመጣ ሰው በምን ይገባል?» በሉት፤ የኪራይ ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈውን እሱ ይነግራችኋል።