«እንኳን ደስ አለዎት፣ አልፈዋል» ሲሏችሁ ኪሳችሁን ያዙ

ሐዋሳ ላይ ሥራ የምትፈልጉ ልጆች፣ ለልጆቻችሁ ሥራ ለማግኘት የምትሯሯጡ ወላጆችም፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ «ከብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል ተመርጠዋል» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ቢሮ አለ። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም በሚቀጥለው ወር ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። አሠራሩን ካወቃችሁ ግን በምንም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

እኔ አቶቴ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሲቪ እንጽፋለን፣ ስካን እናደርጋለን፣ ፕሪንት እናወጣለን። የሥራ ፈላጊው ወረቀት ሁሉ በእጄ ያልፋል። ይህንንም ነገር የደረስኩበት ወረቀቶቹን እያየሁ ነው።

ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ አንዳንዴም የመብራት ምሰሶ ላይ ይለጠፋል። «የፕሮጀክት አስተባባሪ። በማንኛውም የትምህርት መስክ ዲግሪ። 0 ዓመት ልምድ። ደመወዝ 28,000 ብር።» ቀጣሪው ማን ነው? «ዓለም አቀፍ ድርጅት» ነው የሚለው። ምን እንደሚሠራ፣ ፕሮጀክቱ የት እንደሆነ አንድ ቃል የለም። መመዝገቢያው 200 ብር ነው። ለሁለት መቶ ብር ማንም አይከራከርም።

ከዚያ ፈተና አለ። ብልጠታቸው እዚህ ላይ ነው። አዳራሽ ተከራይተው ወንበር በረድፍ ይደረድራሉ። በር ላይ መታወቂያ ይታያል። ስልክ ይጠፋል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ሰዓት ተይዞ። ከሻሸመኔ፣ ከይርጋለም፣ ከዲላ በሌሊት ተነስተው የመጡ ልጆች ላባቸው ጠብ እስኪል ይሠራሉ። ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ። ሱፍ የለበሱ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ይላሉ። አንዱ እየጻፈ አንገቱን ይነቀንቃል። ምን እንደሚጽፍ እግዜር ይወቀው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም። እነዚህ ልጆች ፈተና ለምደዋል። ፈተና ያለበት ነገር ሁሉ የምር ይመስላቸዋል። እኛም ብንሆን «ያለ ውድድር ሥራ እሰጥሃለሁ የሚልህን አትመን» እያልን ነው ያሳደግናቸው። ሰዎቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ውድድሩን ራሱን አዘጋጁት።

ከቀናት በኋላ ስልክ ይደወላል። «እንኳን ደስ አለዎት! ከ600 በላይ ተወዳዳሪዎች መካከል ካለፉት 12 ሰዎች አንዱ ነዎት።» ቤት ውስጥ እልል ይባላል። ጎረቤት ይሰማል። ዘመድ ይደውላል። ማምሻውን ደግሞ ሁለተኛ ስልክ ይመጣል። «ለቅድመ ቅጥር ስልጠና 7,500 ብር እስከ ነገ 6 ሰዓት ካላስገቡ ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጣለን።»

አያችሁ፣ 7,500 ብሩን ማስታወቂያው ላይ ቢጽፉት ማንም ዝር አይልም ነበር። የሚጠይቁት ካሳለፉት በኋላ ነው። ቅድም በውድድር ያገኘውን ቦታ በገንዘብ ምክንያት ሊያጣ ነው። እናት ዕቁብ ትለምናለች፣ አባት ጥጃ ይሸጣል። «ይህ ድርጅት ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቤት ውስጥ ምቀኛ ይባላል።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ የቅበላ ደብዳቤዋን ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ፊቷ ያበራ ነበር። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሳስቀምጥ ማኅተሙ ዓይኔን ሳበኝ። በእጅ የተመታ ማኅተም ቀለሙ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ከጀርባው ትንሽ ይታያል። ይሄኛው ዙሪያውን እኩል ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ሰማያዊው ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። በከለር ፕሪንተር የወጣ ነው ማለት ነው። እኔም ቤት ያለው ፕሪንተር እንዲህ ነው የሚያወጣው። ደብዳቤው «በአንደኛ ደረጃ አልፈዋል» ይላል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ለየብቻ መሰጠት ያለበት የወጪ ቁጥሩ ከልጅቷ ጋር አንድ ነው። እሱም በአንደኛ ደረጃ ነው ያለፈው። ልጅቷ የረሳችውን ፍላሽ ልትወስድ ስትመለስ ሁለቱንም አሳየኋቸው። ተያዩ። «ጋሼ፣ ምናልባት በየዘርፉ ይሆናል እኮ» አለችኝ። ምን ልበላት? ከዚያ በኋላ እንኳን ስንት «አንደኛ» ኮፒ እንዳደረግኩ ልቤ ያውቀዋል። ተጠባባቂ ሆኖ የመጣ አንድም አላየሁም።

ከፍለው የገቡት የነገሩኝን ደግሞ ስሙ። ስልጠናው ስለ ራዕይ፣ ስለ ህልም፣ ስለ ሀብት አስተሳሰብ ነው። ጭብጨባ ይበዛዋል። መጨረሻ ላይ «ፕሮጀክቱ» ይገለጣል። እያንዳንዱ ሰልጣኝ የዕቃ ፓኬጅ ይገዛል፣ ከዚያ ከሥሩ ሰው ያስገባል። ያስገባቸው ሰዎች ሲገዙ ኮሚሽን አለው። 28,000 ብሩ ደመወዝ አይደለም፣ «ጎበዝ አስተባባሪ ሊያገኘው የሚችል» ነው። የሚያስተባብሩት እንግዲህ የአክስታቸውን ልጅና የዶርም ጓደኛቸውን ነው። ይህ የፒራሚድ ሽያጭ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በግልጽ ይከለክለዋል።

አንዳንዱ «ታዲያ ለደላላ እንከፍል የለ?» ይላል። እውነት ነው፣ ለደላላ መክፈል ለምደናል፣ ለዚህ ነው የማይደንቀን። ሕጉ ግን ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ አይቀበልም። ሠራተኛ የፈለገው አሠሪው ነው፣ የሚከፍለውም እሱ ነው። ስልጠና በገንዘብ መማር ነውር አይደለም። የልብስ ስፌቱንም የኮምፒውተሩንም ከፍለን ነው የተማርነው። ግን ያኔ ትምህርት እየገዛህ እንደሆነ ታውቃለህ። ሥራ አገኘህ ብሎ ስልጠና የሚሸጥልህ ሰው ሌላ ነው።

«የዋስትና ማስያዣ» የሚሉት ነገርም አለ። ዋስ አዲስ ነገር ስላልሆነ ሰው አይጠራጠርም። ነገር ግን እኛ የምናውቀው ዋስ ሰው ነው። ደመወዙ የሚገለጽበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ይጻፍለታል፣ መጥቶ ይፈርማል። በግለሰብ ስም ወዳለ ቴሌብር የሚላክ ብር ዋስ ሆኖ አያውቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ፣ መያዛቸው ነው። «ሥራ እስክትጀምሩ ኦርጅናሉ እኛ ጋ ይቀመጥ» ይላሉ። ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳውን፣ ከፍሎ ያልጨረሰ ልጅ ዋናው ዲግሪ እጁ ላይ የለም፣ ያለችው ያቺ ቴምፖራሪ ብቻ ናት። እሷን አስይዞ ብሩን ይመልሱልኝ ብሎ መጮህ አይችልም። ሌላ ቦታም መወዳደር አይችልም። የትም ብትሄዱ ኦርጅናል አሳይታችሁ፣ ኮፒውን ሰጥታችሁ፣ ኦርጅናሉን ይዛችሁ ውጡ። ኮፒ ለእኔ ገበያ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት የንግድ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሆን አለበት። አስር አሃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጻፉና የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ፈቃዱ ካለ ስሙና የተፈቀደለት ሥራ ይወጣል። ቢሮው «የሥራ ቅጥር» እያለ ፈቃዱ «የጽሕፈት መሣሪያ ችርቻሮ» የሚል ከሆነ እዚያው ተመለሱ። ደረሰኝ መስጠት ግዴታቸው ነው። እነዚህኞቹ የሚሰጡት ከመጽሐፍ መደብር የተገዛ፣ ምንም ቁጥር የሌለው የእጅ ደረሰኝ ነው። ከሥሩ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

የከፈላችሁ ካላችሁ አፍራችሁ አትቀመጡ። የቴሌብሩን መልእክት ከስልካችሁ አታጥፉ፣ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ማስታወቂያውን፣ ደብዳቤውን፣ ደረሰኙን ስክሪንሾትና ኮፒ አድርጉ። ብቻችሁን ከምትሄዱ አብረዋችሁ የተፈተኑትን ፈልጉ። ደብዳቤያችሁ ላይ ያለውን የወጪ ቁጥር ስታስተያዩ ፖሊስ ጣቢያ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት የሚባለው ይኸው ነው። ለክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤትም አመልክቱ፣ ፈቃድ የሚያግደው እሱ ነው። ቴምፖ የተያዘባችሁ ደግሞ ማመልከቻው ላይ እሱን ለብቻው አጽፉት። አንድ ልጅ ገንዘቡን ብቻ ጠቅሶ ስለነበር ስለ ቴምፖው እንደገና ሌላ ማመልከቻ መጻፍ ነበረበት።

ማመልከቻ መጻፍ የሚከብዳችሁ ካላችሁ በዚህ ጉዳይ የመጣ ሰው እኔ ጋ አይከፍልም። አቶቴ ስትደርሱ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ጠይቁ።