የልደትን ታሪክ ከነእንስሳቱ ለሣሉልን ሠዓሊ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በጎጃም የምትኖሩ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ተቀምጠው የሚሠሩ አንድ ሠዓሊን በአደባባይ ለማመስገንና ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ማሠራት ለምትፈልጉ ሁሉ ለመጠቆም ነው። እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ነኝ። ሠዓሊው የጌታችንን ልደት ከእንስሳቱ ጋር የሚተርክ መጽሐፍ በእጃቸው ሥለው፣ ካለፈው የገና በዓል አስቀድሞ አስረክበውናል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ተቀብሎ ዝም ማለት ውለታ መብላት ሆኖ ታየኝ።

ስለ ልደት የተዘጋጁ የሕፃናት መጻሕፍት ከዚህ በፊትም ነበሩን። ሆኖም አብዛኞቹ በረዶ የለበሰ አገርና ልጆቻችን በዓይናቸው አይተዋቸው የማያውቁ እንስሳት የተሣሉባቸው ስለነበሩ፣ ሥዕሉን ስናስረዳ ሰዓቱ ያልቅና ታሪኩ ሳይነገር ይቀር ነበር።

ሠዓሊው እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት ምንባቡን አብረናቸው እንድናነብ ጠየቁን። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሕፃኑ በግርግም እንደተኛና እረኞች መንጋቸውን በሌሊት ይጠብቁ እንደነበር ይናገራል እንጂ በግርግሙ አጠገብ ስለቆሙ በሬና አህያ አንድም ቃል አይናገርም። እነርሱ የመጡት «በሬ የገዥውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ» ከሚለው ከኢሳይያስ 1፥3 እና እንስሳቱ ሕፃኑን በእስትንፋሳቸው አሞቁት ከሚለው፣ ከአባቶቻችን ስንሰማው ከኖርነው ትውፊት ነው። ግመሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ማቴዎስ በምዕራፍ 2 ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መምጣታቸውን ሲጽፍ በምን እንደመጡ አልነገረንም፤ ግመልን ከወርቅና ከዕጣን ጋር አንድ ላይ የሚያነሣው ኢሳይያስ በምዕራፍ 60 ነው። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ለይተው በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለወላጆች አጭር ማስታወሻ አኑረዋል፤ የትኛው ሥዕል ከወንጌል፣ የትኛው ከትንቢት፣ የትኛው ከትውፊት እንደተወሰደ ማንም አንብቦ ለልጁ ሊመልስ ይችላል። ለሕፃናት በሚዘጋጅ ሥራ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ እምብዛም አላየሁም፤ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናቸውም በዚህ ነው።

የሥዕሉ አሣሣል በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎች የጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ የምናውቀውን የቆየ ሥርዓት የተከተለ ነው። በዚያ ሥርዓት ደጋግ ሰዎች ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወደ እኛ ሲመለከቱ ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ግን በጎን ስለሚታዩ የሚኖራቸው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ሠዓሊው ይህን ክብር ለእንስሳቱም ሰጥተዋቸዋል፤ በሬው፣ አህያዋ፣ በጎቹና ግመሎቹ ሁሉ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች መጽሐፉን የያዘውን ልጅ ቀጥ ብለው ያዩታል። ቤተ ልሔምን ጎጃም አላስመሰሏትም፤ ኮረብታውም ዋሻውም የዚያው አገር ናቸው። እንስሳቱን ግን ገበያ ወርደው አጠገባቸው ቆመው ስላጠኗቸው፣ ቀንድ አልባና ቀይ ዳማ የሆኑትን በጎች ያየ ሁሉ በአገራችን በጎጃም የሚረባውን የዋሸራን በግ ያስታውሳል።

በተለይ ስለ አህያዋ ልናገር። በእርሳስ የተነደፈውን ረቂቅ ይዘው ልጆቹ ፊት በቀረቡ ጊዜ አህያዋ ጀርባዋ ላይ ጭነት የላጠው ገጣባ ነበረባት። ከገጠር የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ «አያ፣ ይቺ አህያ እመቤታችንን ስትሸከም አያማትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሠዓሊው ቁጭ ብለው በጥሞና ሰሟት፤ አሳቡንም ተቀብለው ሥራቸው ውስጥ አስገቡት። ባለቀለት መጽሐፍ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ገጣባው አለ፤ በልደቱ ሌሊት ቅዱስ ዮሴፍ ጀርባዋን በጨርቅ ሲሸፍንላት ይታያል፤ ወደ ግብፅ ሲሰደዱ ደግሞ ቁስሉ ሽሮ አዲስ ጠጉር አብቅሏል። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ የተጻፈ አይደለምና በማስታወሻው ላይ የሠዓሊው አሳብ መሆኑ ተገልጿል። ልጆቹ አሁንም መጽሐፉን ሲያገኙ በመጀመሪያ የሚፈልጉት አህያዋን ነው።

ስለ ሄሮድስ በመካከላችን ክርክር ነበር። የሕፃናቱ መገደል ሊቀር አይገባም ያሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ፤ ሠዓሊው ግን መጽሐፉ ገና ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ስለሆነ መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም መንገሩና ቤተሰቡ በሌሊት መውጣቱ ይበቃል አሉ። እኔም ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ፤ ቀሪውን ሲያድጉ ከወንጌሉ ያገኙታል።

ሥራቸውን ለምትፈልጉ ጥቂት ልጨምር። ዋጋቸውን አስቀድመው ቁርጡን ይናገራሉ፤ ግማሹን በቅድሚያ ይቀበላሉ፤ ከተስማሙበት በኋላም ጭማሪ አይጠይቁም። ጽሑፉ በየገጹ ከሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ አጥብቀው ያሳስባሉ፤ ልክ ናቸው፤ ይስሟቸው። በእጅ የሚሠሩት አንድ ቅጂ ስለሆነ ማባዛት የሚፈልግ ስካን አድርጎ በቀለም ማሳተም ይኖርበታል፤ የእኛ ኅትመት ቀለሙ ትንሽ ጠቁሮ ስለወጣ ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ ናሙና ማየት ይበጃል። ሥራቸው ፋታ የሚጠይቅ በመሆኑ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ብታዟቸው ለታኅሣሥ 29 አይደርስላችሁም፤ በመስከረም ብትነጋገሩ ይሻላል።

ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልወደዱም፤ ስልካቸውን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። አያ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።