ለሁለት ኮምፒውተር ስትሪም የሚሆን ሞኒተር ስንገዛ ያየሁት የደሴና የኮምቦልቻ አገልግሎት

ደሴ ፒያሳ ላይ የጌም ሞኒተር ይገኛል፤ የሚያስቸግረው ካርቶኑን ከፍቶ፣ ከገዢው ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚያሳይ ሱቅ ማግኘቱ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ከጀርመን ስመጣ፣ የእህቴ ልጅ ጌም እየተጫወተ በቀጥታ የሚያስተላልፍበትን ዕቃ ልናሟላለት ቀደም ብለን ተስማምተን ስለነበር፣ የአንዱን ኮምፒውተር ምስል ለሌላው የሚያቀብለውን ካፕቸር ካርድ በሻንጣዬ ይዤለት መጣሁ፤ ለመንገድ የማይመቸውን ሞኒተር ግን ከዚሁ ለመግዛት ወሰንን።

ልጁ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። አንዱ ጌሙን ብቻ ያጫውታል፤ ካፕቸር ካርዱ የተገጠመለት ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው በኤችዲኤምአይ ኬብል የሚመጣለትን ምስል ተቀብሎ፣ ኦቢኤስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ጨምቆ ወደ ኢንተርኔት ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጡት የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርዶች ጀምሮ ግራፊክስ ካርዱ ራሱ ይህን የመጨመቅ ሥራ በጥሩ ጥራት ስለሚሠራ፣ ብዙ ሰው ዛሬ በአንድ ኮምፒውተር ይብቃቃል። የእኛ ልጅ ካርድ ከዚያ በፊት የተሠራ በመሆኑ፣ ቤት የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር ለማስተላለፊያ ማዋሉ አዲስ ካርድ ከመግዛት ረክሶልናል።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ዕቃው ብዙ ቢሆንም ካርቶን መክፈት አይፈቅድም። ካርቶኑ ላይ 165 ሄርዝ፣ ማለትም ስክሪኑ በሴኮንድ 165 ጊዜ ምስል ይቀይራል ተብሎ ተጽፏል፤ በየትኛው ወደብ በኩል 165 እንደሚሰጥ ስጠይቅ ግን ሻጩ ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ከማንበብ በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ወጣን።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ያገኘነው ሁለተኛው ሱቅ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያው ላይ የነበሩት የጌም ሞኒተሮችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ባለሱቁ ወጣት፣ ጥያቄያችንን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ይዛችሁት ኑና እዚሁ ሰክተን እናየዋለን» አለን። በባጃጅ አምጥተን ስናገናኘው በቅድሚያ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም በየተራ ስክሪኑን እንዲሞላ እያደረገ የሞተ፣ ማለትም የማይበራ ነጥብ መኖር አለመኖሩን አሳየን፤ ከዚያ የሱቁን መብራት አጥፍቶ ጥቁር ምስል ሲያመጣ ከግርጌው አንደኛ ማዕዘን ላይ ሾልኮ የሚወጣ ብርሃን ስላየንበት፣ ምንም ሳይነጫነጭ ሌላ ካርቶን ከፈተልን። በዊንዶውስ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥ ገብተን ስናይ ከ144 ሄርዝ በላይ ምርጫ አልቀረበልንም። ባለሱቁ ሞኒተሩን አዙሮ ከወደቦቹ አጠገብ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኩ መብራት አበራልን፦ ኤችዲኤምአይ እስከ 144፣ ዲስፕሌይ ፖርት እስከ 165። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ኬብል ደግሞ የኤችዲኤምአይ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ካፕቸር ካርዱን እዚያው ሱቅ ውስጥ መሞከራችን ነው። የእኛ ካርድ በሴኮንድ ከ60 ምስል በላይ አይቀበልም። ካርዱ ለዊንዶውስ እንደ ተጨማሪ ስክሪን ስለሚታየው፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ሲታዘዙ ሞኒተሩም ወደ 60 ሄርዝ ወረደ፤ ውድ ሞኒተር ገዝተው በዚህ ምክንያት እንደ ተራ የቢሮ ስክሪን የሚጠቀሙበት ሰዎች ጥቂት አይመስሉኝም። መፍትሔው ሁለቱን እንደ ተለያዩ ስክሪኖች ዘርግቶ፣ በጌሙ ኮምፒውተር ላይ ኦቢኤስን ከፍቶ፣ ምስሉን በፕሮጀክተር ምርጫው ወደ ካፕቸር ካርዱ መላክ ሲሆን፣ ሞኒተሩ እንደ ልቡ በ144 ሲሠራ ካርዱ በ60ው ይቀጥላል። ባለሱቁ እንዲህ ያለ አሠራር ከዚህ በፊት አላጋጠመውም፤ ሆኖም ሌሎች ደንበኞች እየጠበቁት እንኳ አጠገባችን ቆሞ የእህቴን ልጅ ይጠይቅ ነበር።

በመጠን ላይ ግን አልተስማማንም። ባለሱቁ ጎበጥ ያለውንና ጎኑ ሰፊ የሆነውን ባለ 21 በ9 ስክሪን ሊሸጥልን ደጋግሞ ሞክሯል፤ የሚተላለፈው ምስል 16 በ9 በመሆኑ ከላይና ከታች ጥቁር ሰሌዳ ስለሚተው ለስትሪም አይመችም። ባለ 27 ኢንቹ 1440ም (ከላይ እስከ ታች 1440 ነጥብ ያለው) ያምራል። የነጥቦቹ ብዛት ከ1080ው በ78 ከመቶ ስለሚበልጥ ግን ያረጀውን ግራፊክስ ካርድ ያንገዳግደዋል፤ ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ በ1080 ስለሆነም ትርፉ ለተጫዋቹ ዓይን ብቻ ነው። ባለ 24 ኢንች፣ 1080፣ አይፒኤስ የሚባለውን (ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙም የማይለወጠውን) ስክሪን መረጥን። 1080ን በ27 ኢንች ላይ መግዛት ነጥቦቹን ስለሚያሳሳ ቅርብ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው አልመክረውም።

ዋጋው ከአውሮፓው ይወደዳል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የትናንቱ ዋጋ ለዛሬ አይሠራምና ጠዋት የተነገራችሁን ይዛችሁ ከሰዓት አትመለሱ። ክፍያውን በቴሌብር ፈጸምን፤ ዋስትናውም የሞኒተሩ መለያ ቁጥር ተጠቅሶበት ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ሰፈረልን፤ ይህን ማስጻፍ ጠይቀን ያገኘነው እንጂ በራሱ የሚሰጥ አይደለም።

የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል ደሴ ላይ ጠይቀን ስላጣን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ሄድን። እዚያ ያገኘነው የኮምፒውተር ጠጋኝ ከመሸጡ በፊት ኬብሉን በራሱ ሞኒተር ላይ ሰክቶ አሳየን፤ ሒሳቡም ልከኛ ነበር። ጎበዝ መሆኑን ያወቅሁት ግን ልጁ 165 እንዲሆንለት ሲጓጓ፣ በስትሪም ሰዓት ወደ 120 ዝቅ እንዲያደርገው ሲመክረው ነው። 120 ለ60 እኩል ስለሚካፈል እያንዳንዱ ሁለተኛ ምስል ተራውን ጠብቆ ይተላለፋል፤ 165 ግን እኩል ስለማይካፈል በተመልካቹ በኩል እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ለማስተላለፊያው ኮምፒውተር ደግሞ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ባለ 60 ሄርዝ ስክሪን ከዚሁ ሰው ገዛን፤ የኦቢኤስን መስኮትና የተመልካቾችን መልእክት ለማየት ከዚያ የበለጠ አያስፈልግም።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ የሸጠልን ሌላ ሱቅ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች በአንድ ዲቫይደር አድርገን አቅሙ 650 ቪኤ (ቮልት አምፔር) በሆነው በዚሁ ዕቃ ላይ እንድንሰካ ነግሮን ነበር፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ 400 ዋት እንኳ ስለማይሸከም የጌሙ ኮምፒውተር ብቻውን ሊያጠፋው ይችላል። ያደረግነው ዋይፋዩንና የማስተላለፊያውን ኮምፒውተር ብቻ ማገናኘት ነው። መብራት ሲሄድ ጌሙ ይቋረጣል፣ ትልቁ ሞኒተርም ይጠፋል፤ ስርጭቱ ግን አይቆረጥም፣ ልጁ አስቀድሞ ያዘጋጀው «መብራት ሄዶብን ነው፣ ጠብቁን» የሚል ምስል ለተመልካቾቹ ይታያል።