ዋጉን «የአበባ ብናኝ ነው» ብሎ ሸጠልኝ

ዛሬ ጠዋት ዋግ የሚባለው የቅጠል በሽታ የያዛቸውን 14 እግር ዴይሊሊ የተባለ የአበባ ተክል ነቅዬ በፌስታል አስሬ ጣልኩ። ስድስቱ ከሦስት ሳምንት በፊት የገዛኋቸው ናቸው፤ ስምንቱ ግን ለዓመታት ያሳደግኋቸው ነበሩ። ቅጠሉን ብቻ ቆርጬ ልተዋቸው እችል ነበር፤ ዋግ ብዙ ጊዜ ተክሉን አይገድለውም። ለቀሩት መደቦች ስለፈራሁ ጨከንኩ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ጸደይ ሲገባ ችግኙን ደርድሮ «የመጨረሻዎቹ ናቸው» የሚለው፣ ቅጠል ስትገለብጡ ስለ አበባው ቀለም ማውራት የሚጀምረው።

እኔም ገለበጥኩ። የቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። ነጭ ሶፍት አውጥቼ ጠረግሁት፤ የዛገ ምስማር የነካው ይመስል መስመር ተወበት። «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። ሶፍቱን ከእጄ ወሰደና አየት አድርጎ ፈገግ አለ። «አይዞሽ የእኔ እናት፣ የአበባ ብናኝ ነው፤ ንብ ነው የሚያራግፈው።» ሶፍቱንም ጨምድዶ ኪሱ ከተተው።

ተክሉ እኮ እንቡጥ እንኳን አልያዘም! ያላበበ ነገር ብናኝ ከየት ያመጣል? ይህን ያሰብኩት ዛሬ ነው። ያን ቀን ግን ራሴን ነቅንቄ ከፈልኩ፤ «መከላከያ ነው» ያለኝን ጠርሙስም ጨምሬ ገዛሁ። በየሦስት ቀኑ አመሻሽ ላይ ረጨሁ። ትናንት ማታ መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን ሳነበው ለክሽክሽና ለመሰል ነፍሳት ነው ይላል። ዋግ ፈንገስ ነው፤ ስንዴ ከሚመታው ጋር አንድ ወገን። ለእርሱ የነፍሳት መርዝ ምኑም አይደለም። እንዲያውም ዘሩ የሚበቅለው ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ስለሆነ፣ ማታ ማታ እያራስኩ ስቀልበው ከርሜአለሁ።

ቅጠሉን ይዤ ስመለስ ሠራተኛው ቀና ብሎ አላየኝም። «ከእኛ ሲወጣ ጤነኛ ነበር፤ አፈርዎ ነው» አለኝ። አፈሬ! ዋግ በነፋስ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚሄድ እንጂ ከአፈር የሚበቅል ነው? ሻጩ ደግሞ ከወዲያ ለሌላ ሴት «የመጨረሻዎቹ ናቸው» እያለ ነበር።

አዲስ ችግኝ ከነባሩ አርቃችሁ ለጥቂት ሳምንታት አቆዩት። አሮጌውን ደረቅ ቅጠል ከመደቡ ልቀሙ፤ ውሃ ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ። ልትገዙ ስትሄዱ ነጭ ሶፍት ያዙ፤ ለሻጩ ግን አትስጡት።