74 ቀን፦ ልጄ ተኝቶ ስለታከመበት ማዕከል

የ16 ዓመቱ ልጄ ባይፖላር አለበት፤ ስሜት ከልክ በላይ ከፍ፣ ከዚያ ደግሞ ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም ነው። ባለፈው ዓመት ወጣቶች ተኝተው በሚታከሙበት ማዕከል 74 ቀን ቆይቷል። የማዕከሉን ስም አልጠራም። የምጽፈው ልጇን አስገብታ ባዶ እጇን ወደ ቤት የምትመለስ ሌላ እናት ስላለች ነው። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም ነበር።

ከአቀባበሉ ልጀምር። ተረኛዋ ነርስ ሻንጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ዕቃውን አንድ በአንድ አየች። የጫማውን ክር ፈታች። የሹራቡ ኮፍያ ገመድ ግን አልወጣ አላት። «አንተ ታውቅበታለህ፣ እስቲ አውጣልኝ» አለችው። ራሱ ሳብ ሳብ አድርጎ አወጣው። ክሩንም ገመዱንም ፖስታ ውስጥ ከተተች፣ ስሙን ጻፈችበትና ለእኔ ሰጠችኝ። ፍተሻ ነው፤ ግን ልጄን አላሳፈረችውም። ለዚህ ሙሉ ነጥብ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስልክ የሚፈቀደው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ለ10 ደቂቃ። መጀመሪያ የደወለ ዕለት «እማዬ፣ ነይ ውሰጂኝ፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም» አለኝ። ቁልፌን ይዤ በር ላይ ደርሻለሁ። እህቴ ናት የመለሰችኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። በማግስቱ ሳይኮሎጂስቷ ራሷ ደወለችልኝ። «ስልኩን ከዘጋ በኋላ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ራቱን በላ፣ ከልጆቹ ጋር ካርታ ተጫወተ፣ ተኛ» አለችኝ። እናት የምትሰማው የልቅሶውን 10 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረውን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ቦታ የምትመርጡ ወላጆች፣ ይህን ጠይቁ፦ ልጄ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ምን እንደሆነ ማን ይነግረኛል?

አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ። ሊቲየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት ጀምረውለት ነበር። ሊቲየም የቆየ መድኃኒት ነው፤ ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1949 (በፈረንጆቹ) ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ብዙ ሰው ረድቷል። ግን በሚያድነው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ ደም እየተቀዳ ይለካል፤ ኩላሊትና ታይሮይድም ይታያል። ልጁ ቢያስመልሰው፣ ቢያስቀምጠው ወይም ውሃ ቢያንሰው በደሙ ያለው መጠን ሊጨምር ይችላል። ለራስ ምታት የምንወስደው አይቡፕሮፌን እንኳ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በአምስተኛው ሳምንት ልጠይቀው ሄድኩ። ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠና ሹራቡ ላይ ፈሰሰ። በእጅጌው ጠረገውና አይቼው እንደሆነ ሰረቅ አድርጎ አይቶኝ ዞር አለ። የመድኃኒቱ መጠን ከተጨመረ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። «የተነገረዎት መስሎን ነው» አሉኝ። ማንም አልነገረኝም። የእጅ መንቀጥቀጥ ከሊቲየም ጋር የተለመደ ነው፣ የደም ምርመራውም ደህና ነበር። ቢሆንም እናት እንዲህ ያለውን ነገር ከብርጭቆ ማወቅ የለባትም።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው የቤተሰብ ቴራፒው ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ለአንድ ሰዓት፣ እኔና ልጄ ከሳይኮሎጂስቷ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። በሦስተኛው ሐሙስ ሳይኮሎጂስቷ ወረቀት ይዛ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየች። በመጨረሻ «በ10 ደቂቃ ውስጥ 17 ጥያቄ ጠይቀውታል» አለችኝ። በላህ? ተኛህ? ዋጥክ? ማን ምን አለህ? ልጄ ለሦስቱ ብቻ ነው የመለሰው። ፊቴ ጋለ። እሷ ግን አልወቀሰችኝም። ጆርጅ ብራውን የሚባል እንግሊዛዊ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ከአእምሮ ሆስፒታል ወጥተው ወደ ቤት የሚመለሱ ሰዎችን እንዳጠና ነገረችኝ። ወቀሳ ወይም ከልክ ያለፈ ክትትል ወዳለበት ቤት የተመለሱት ቶሎ ቶሎ ያገረሽባቸው ነበር። በሽታውን ቤተሰብ ያመጣዋል ማለት እንዳልሆነም ደጋግማ አስረዳችኝ። ከዚያ ተለማመድን። እሷ ልጄን ሆና በር ዘጋችብኝ፤ እኔ ሳልጠይቅ «እዚህ ነኝ» ማለት ተማርኩ። ቀላል ይመስላል። አራት ሐሙስ ፈጅቶብኛል።

አወጣጡ ግን ጥድፊያ ነበር። ረቡዕ «አርብ ይወጣል» ተባልኩ። የሰባት ቀን መድኃኒትና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ፤ የተመላላሽ ሕክምና ቀጠሮ የለም። ታካሚ ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ የሚልባቸው ናቸው። ይህን ያስተማሩኝ እዚያው ነው! ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከፖስታው ያወጣውን ክር ጫማው ላይ ሲያስር፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ በቀጠሮ ስከራከር ነበር። ሐኪም ያገኘነው በ19ኛው ቀን ነው። በመሃል መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ያልደወልኩበት የለም።

ያቆየን ሳይኮሎጂስቷ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ የሠራችው የደኅንነት ዕቅድ ነው። ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል የሚታዩትን ምልክቶች ልጄ በራሱ እጅ ነው የጻፋቸው። አንደኛው «ለአራት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ካልደከመኝ» ይላል። ድሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግድግዳ ላይ ሲሥል ተሰጥኦው ነው ብዬ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ። ለማን እንደሚደወል በቅደም ተከተል ተጽፏል። መድኃኒት ሁሉ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ የእኔ የደም ግፊት መድኃኒትም ጭምር።

ቢያገረሽበት መልሼ አስገባዋለሁ ወይ? አዎ። ግን በገባበት ቀን ከወጣ በኋላ የሚታይበትን ቀጠሮ እጠይቃለሁ፤ መድኃኒት ሲለወጥ በዚያው ቀን እንዲደወልልኝም አስፈርማለሁ።

ይህን ከማውጣቴ በፊት ለልጄ አስነበብኩት። ሁለት ቦታ አስወጣኝ። አንድ ነገር ደግሞ ጨምሪ አለኝ፦ «የሌሊቷ ነርስ በየ15 ደቂቃው እየዞረች ስታየን ባትሪዋን ፊታችን ላይ አታበራም። ግድግዳው ላይ ነው የምታበራው።»