ያገለገለ ግማሽ አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ፦ ከ8 ወር በኋላ

ብራውኒንግ ባር የሚባል ያገለገለ ግማሽ አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ (በእጅ ሳይቀባበል ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ) ከገዛሁ 8 ወር ሆነኝ፤ ካሊበሩ፣ ማለትም የጥይቱ ልክ፣ 30-06 ነው። ጠመንጃውን ወድጄዋለሁ። ግን ከአተኳኮሱ በፊት የሕጉን ነገር ላንሳ፤ ለጥቂት ጣጣ ውስጥ ሊከተኝ ነበርና።

ሻጩ «የአደን ነው፣ ካዝናው 2 ጥይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሲ ምድብ ነው፣ ማሳወቅ ብቻ ይበቃል» አለኝ። ኤ፣ ቢ እና ሲ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጦር መሣሪያን የሚከፍልባቸው ምድቦች ናቸው፤ ጥብቁ ኤ ነው። እኔም ቀብድ ልከፍል ነበር። ማታ ግን የአውሮፓ ኅብረትን የጦር መሣሪያ መመሪያ፣ 2021/555 የሚባለውን፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሕጉ ካዝናውን ብቻ አይቆጥርም፤ የጎረሰውንም ጥይት ይደምራል። 2 እና 1፣ 3። እስከዚህ ሻጩ ልክ ይመስላል። ነገር ግን ካዝናው የሚወልቅ ከሆነ፣ ወይም በተራ መፍቻ ነካክቶ ከ3 በላይ እንዲይዝ ማድረግ እንደማይቻል እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ፣ ጠመንጃው ቢ ምድብ ነው። ቢ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የኔው ካዝና ይወልቃል! እዚያው ጠመንጃ ላይ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ቢገጠም ደግሞ ኤ ምድብ ይገባል፤ ኤ ማለት በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ የሞዴሉ ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እንዲያውም ስሙ ያሳስታል። ባር ሲባል ብዙ ሰው የ1918ቱን ወታደራዊ አውቶማቲክ ያስባል፤ ይሄኛው ግን በ1967 ለአደን ተብሎ የወጣ ሌላ መሣሪያ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አውቶማቲክ የነበረና በኋላ ወደ ግማሽ አውቶማቲክ የተቀየረ መሣሪያ ኤ ምድብ ነው። ቀብዱን ትቼ መጀመሪያ ፈቃዱን አወጣሁ። በጠመንጃው ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥርም ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳከርኩ። ይሄን ሳታደርጉ ገንዘብ እንዳታወጡ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። በጋዝ ነው የሚሠራው፤ ጥይቱ ሲተኮስ ጥይቱ ከሚያልፍበት ቱቦ ትንሽ ጋዝ ይቀነስና ፒስተን ይገፋል፣ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን ያጎርሳል። በዚህ ምክንያት ርግጫው በእጅ ከሚቀባበለው የድሮ ጠመንጃዬ በጣም የለዘበ ነው። የሚሮጥ የዱር አሳማ ላይ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳላነሳ ሁለተኛውን መተኮስ መቻሌ ትልቅ ነገር ነው፤ የቆሰለ እንስሳ ጫካ ውስጥ እንዲሰቃይ የሚፈልግ አዳኝ የለም። ክብደቱ ግን ይሰማል፣ በተለይ ሽቅብ ሲወጣ።

በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ቀለህ ነከሰብኝ፣ ማለትም ባዶው ቀለህ ሳይወጣ ተቀረቀረ። ስፈታው ፒስተኑ ጥቀርሻ ጋግሯል፤ የቀድሞው ባለቤት ከፍቶት የሚያውቅ አይመስልም። ላዩ ያብረቀርቅ ነበር፣ ለካ ውስጡ ሌላ ነው። አጸዳሁት፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልነከሰም። ፒስተኑን ዘይት አታጥግቡት፣ ጥቀርሻ ይሰበስባል። ሌላው፣ ቱቦው የሚጸዳው ከፊት ለፊት ነው፤ ዘንጉ ጫፉን እንዳይፍቀው ቀስ በሉ፣ ጫፉ ከተጎዳ ዒላማ ይስታል።

ሻጩ በምርቃት የሰጠኝን ትልቁን ካዝና ይዤ አደን አልወጣም። በጀርመን ለምሳሌ አደን ላይ ግማሽ አውቶማቲክ የጎረሰውን ጨምሮ ከ3 ጥይት በላይ መያዝ አይችልም። እኔም ባለ 2ቷን ብቻ ነው የምይዘው፣ የፈቃዱንም ወረቀት ከጠመንጃው ማኅደር አላወጣውም።