የቱን ፕሪም ልግዛ? ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ባለፈው ሐምሌ አንዲት ጓደኛዬ ማርማላታ ልትሠራ ብላ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ካለ ሱቅ 3 ፓውንድ ፕሪም ገዛች። ፓውንዱ 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም። በድምሩ 15 ዶላር ማለት ነው። ፍሬው ትልልቅ፣ ቆንጆ፣ ልጣጩ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ ቆየ። አልረጋ አለ። ስኳር ጨመረችበት፣ ባሰበት። ማታ ደወለችልኝና "ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። የገዛችው ፕሪም ሳይሆን ፕሉዎት፣ ማለትም ፕሪም አፕሪኮት ከሚባለው የኮክ ዘመድ ጋር ተዳቅሎ የወጣ ፍሬ ነበር።

እንዲህ ያለ ስልክ በየሰመሩ ይመጣልኛል። አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ልላከው ብዬ ነው። ከመጀመሪያው ልናገር፦ እኔ የትንሿ ሰማያዊ ፕሪም ወገን ነኝ።

አሜሪካ ውስጥ "ፕለም" በሚል አንድ ስም የሚሸጡት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ትልቁ፣ ክቡ፣ ቀይ ወይም ጥቁር የሆነው የጃፓን የሚባለው ነው። መነሻው ግን ቻይና ነው። ሉተር በርባንክ የተባለ አዳቃይ እ.ኤ.አ. በ1885 ችግኞቹን ከጃፓን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጣ፤ ስሙ እንዲያው ቀረ። ሳንታ ሮዛ የሚባለውን ታዋቂ ፕሪም በ1906 ያወጣውም እሱ ነው። ሲገምጡት ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። ጥሩ ፍሬ ነው፣ አልክድም። ግን ብዙውን ጊዜ ዘሩ ሥጋውን አይለቅም። ቢላ ይዛችሁ ስትታገሉ ግማሹ ሥጋ ዘሩ ላይ ይቀራል፣ ለዚያም ከፍላችኋል።

ትንሿ የአውሮፓ ናት። ቅርጿ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ልጣጯ ጥቁር ሰማያዊ፣ ውስጧ ቢጫ ወደ አረንጓዴ ያደላ። የዋጋው ካርድ ላይ "ፕሩን ፕለም" ወይም "ኢታሊያን ፕለም" ይላል። መለያዋ ይሄ ነው፦ ጎኗ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መስመር አለ። ሁለት አውራ ጣታችሁን እዚያ ላይ አድርጉና ክፈቱት። ለሁለት ትሰነጠቃለች፣ ዘሩም ባቄላ ከልጣጩ እንደሚወጣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቢላ አያስፈልግም። አሥር ደቂቃ ውስጥ 4 ፓውንድ እጨርሳለሁ።

ልጣጯ ላይ አመድ የተነሰነሰ ይመስላል። መድኃኒት ተረጭቶባት ነው ብለው የሚተዋት ሰዎች አሉ። መድኃኒት አይደለም፤ ፍሬዋ ራሷ የምታወጣው ሰም ነው። እንዲያውም አመዱ ሳይነካ ካለ ብዙ እጅ አላገላበጣትም ማለት ነው። እኔ መርጬ የማነሣው እሱን ነው።

አሁን ፕሉዎት። ካሊፎርኒያ ሞደስቶ የሚኖሩት የዛይገር ቤተሰቦች ፕሪምንና አፕሪኮትን ትውልድ በትውልድ እያዳቀሉ ያወጡት ነው፤ ፕሪምነቱ ያመዝናል። ስሙም የንግድ ምልክታቸው ነው። ነጠብጣብ ያለበትን ዓይነት "የዳይኖሰር እንቁላል" እያሉ ይሸጡታል፤ ልጆች በጣም ይወዱታል። ጣፋጭ ነው፣ ጥሬውን ለመብላት አይጠላም። ግን ማርማላታ እንዲረጋ የሚያግዘው ኮምጣጣነት ያንሰዋል፣ ስለዚህ በቀላሉ አይረጋም። ከሁሉም በላይ ዋጋው! ዋጋ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ባለፈው ሰመር እኔ በገባሁባቸው ሱቆች ፕሉዎት ከ3 ዶላር ከ99 ወርዶ አላየሁትም። ቀዩ ፕሪም በ2 ዶላር ከ49 እና በ2 ዶላር ከ99 መካከል ነበር። ሰማያዊዋ 1 ዶላር ከ99፣ የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ደግሞ በጳጉሜን ሰሞን 1 ዶላር ከ29 አገኘኋት። በአንድ ፓውንድ ፕሉዎት ሦስት ፓውንድ ሰማያዊ ይገዛል ማለት ነው።

የጎበዝ ሸማች አይን የሚያርፈው ፍሬው ላይ ከተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይም ነው። ቁጥሩ አምስት አኃዝ ሆኖ በ9 ከጀመረ ኦርጋኒክ ነው። ዋጋው የናረው በዚያ እንጂ ዓይነቱ ስለሚበልጥ አይደለም። ሁለት ክምር ጎን ለጎን አይታችሁ "ውዱ የተሻለ ዓይነት ነው" እንዳትሉ።

አፕሪኮትን ከፕሪም መለየት ከባድ አይደለም። አፕሪኮት ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ እንደ ኮክ ስስ ፀጉር ይሰማችኋል። ፕሪም ለስላሳ ነው። ኮክ፣ አፕሪኮት፣ ቼሪ፣ አልመንድም ሳይቀር የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ከአገራችን ዛፎች ጥቁር እንጨት የዚሁ ወገን ነው፣ እውነተኛ ዘመድ። እንኮይን ግን ፈረንጆች "ኮምጣጣ ፕሪም" ስለሚሉት ብዙ ሰው ዘመድ ይመስለዋል። አይደለም፣ ምንም አይገናኙም።

ውጭ ላላችሁ ስሙም ያሳስታል። አረብ አገር "ኾኽ" ስጡኝ ካላችሁ ግብፃዊው ኮክ ይሰጣችኋል፤ ሶርያዊው ወይም ሊባኖሳዊው ደግሞ ፕሪም። ስለዚህ በጣት ማሳየት ይሻላል። ጀርመን ያላችሁ ታድላችኋል። እነሱ ክቡን "ፍላውመ"፣ ትንሿን ሰማያዊ "ጽቬችገ" ብለው ለይተው ይጠሯታል። ኬክ የሚጋግሩባት ሁለተኛዋን ነው።

የካቲት ላይ ፕሪም አትግዙ። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ወቅት የሚሸጠው ባብዛኛው ከቺሊ በመርከብ የመጣ ነው። አንድ ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ፕሪም አማራትና 3 ዶላር ከ99 ከፍዬ ገዛሁላት። ከላይ ሲታይ እንከን የለውም። ስንቆርጠው ውስጡ ቡናማ፣ እንደ ዱቄት የሚበተን። "ልጄ፣ ይሄማ የሞተ ነው" አለችኝ። ጥፋቱ የብርዱ ነው። እነዚህ ፍሬዎች ሳይበስሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከቆዩ ውስጣቸው ይበላሻል። ቤታችሁም እንዲሁ ነው። ጠንካራ ፕሪም ገዝታችሁ ቀጥታ ፍሪጅ አታስገቡት። የወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። አናቱ አካባቢ ሲጫኑት ለስለስ ሲል ያኔ ፍሪጅ ይግባ።

ደረቁንስ ቤት ላድርቅ ወይ? ሒሳቡን እዩት። አንድ ፓውንድ ደረቅ ፕሪም ለማግኘት ወደ 3 ፓውንድ እርጥብ ይፈልጋል። በ1 ዶላር ከ99 ከገዛችሁ 6 ዶላር ሊሞላ ነው፣ የመብራቱ ሳይቆጠር። የታሸገውን በ5 ዶላር አገኘዋለሁ። 1 ዶላር ከ29 ስትገባ ብቻ ነው የማደርቀው። የምታደርቁ ከሆነ ግን ሰማያዊዋን ብቻ። ስኳሯ ብዙ ስለሆነ ዘሯ ውስጧ እያለ እንኳ ሳትኮመጥጥ ትደርቃለች። የጃፓኑን አንድ ጊዜ ሞክሬው ከሳህኑ ላይ ተፍቆ የማይለቅ ሙጫ ሆኖ ቀረ።

ጓሮ ያላችሁ ደግሞ ችግኝ ትጠይቁኛላችሁ። እዚህ ላይ እኔም ተበልቻለሁ። ከአንድ የችግኝ መሸጫ ሳንታ ሮዛ የሚል ወረቀት የታሰረበት በ45 ዶላር ገዛሁ። አራት ዓመት ውሃ አጠጣሁ፣ ፍግ አለበስኩ። ያፈራው ግን የቼሪ የምታህል፣ አፍ የምታጨማድድ ፍሬ ነው። ኋላ ጎንበስ ብዬ ግንዱን ሳየው ገባኝ። የፕሪም ችግኝ የሚሠራው የተፈለገው ዓይነት ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው። የላይኛው ክፍል ስገዛው ደርቆ ነበር፤ የበቀለው ከታች ያለው የዱር ሥር ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ጉብ ያለውን ጠባሳ ፈልጉ። ለምለሙ ቅርንጫፍ ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። ከታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ወዲያው ቁረጡት።

አሁን ያለኝ ስታንሊ ነው፣ ከአውሮፓዎቹ። የጃፓኖቹ አብዛኞቹ ሌላ ዓይነት ጎረቤት ዛፍ ካልተተከለላቸው አያፈሩም፣ ማለትም ሁለት ችግኝ፣ ሁለት ዋጋ። ስታንሊ ብቻውን ያፈራል። ጉድለቱን ልደብቅ አልችልም፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁር እባጭ የሚባለው በሽታ ይወደዋል። ቅርንጫፉ ላይ ከሰል የተለጠፈ ይመስላል። በአሜሪካ የብርድ ወራት ቅጠሉ ሲረግፍ ከእባጩ አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብላችሁ ቁረጡና ከግቢ አውጡት። አንድ ዓመት ችላ ብዬው ሦስት ዋና ቅርንጫፍ አጥቻለሁ።

ሰማያዊዋ ሱቅ የምትገባው ፍልሰታ ሲፈታ አካባቢ ነው፣ እስከ መስቀል ትቆያለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ 2 ዶላር ከ99 ሲሏችሁ አትግዙ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ትወርዳለች።